ለአርባ ሰው የሚደክም ሞኝ ይብዛልን

ብልጥ ሰው ዩቲዩብ ላይ ቻናል ሊከፍት ሲነሣ «ሰዉ ምን ያያል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ለማግኘት ብዙ መድከም የለበትም፤ ስልኩን ከፍቶ ወደ ታች መሳብ ይበቃዋል። ሰዉ ሰበር ዜና ያያል። የታዋቂ ሰዎችን ጠብ፣ እርቅና ፍቺ ያያል። ስለዚህ ብልጡ ያንኑ ያቀርባል። ታምብኔሉ ላይ በድንጋጤ አፉን የከፈተ ፊት ይለጥፋል፣ ቀይ ቀስት ያክልበታል፣ «ያልተጠበቀው ሆነ» ብሎ በቢጫ ይጽፍበታል። ጥቂት ወራት ሞክሮ ቪው ካልመጣለት የቻናሉን ስም ቀይሮ ወደ ሌላ ወሬ ይዞራል።

ሞኙ «እኔ እንቅልፌን ትቼ የምነካካው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ከዚያም የካሴት ማጫወቻ ጥገና የሚያሳይ ቻናል ይከፍታል፤ ካሴት የሚሸጥ ሙዚቃ ቤት በጠፋበት ዘመን፣ በአማርኛ፣ አርባ ለሚሆኑ ተመልካቾች። ይህ ጽሑፍ ለእሱ የቀረበ ምስጋና ነው። ሞኝ ብዬ የምጠራውም በሙሉ አክብሮት ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረት ሲነገር የኖረው ለነቀፋ ነው። እኔ ተረቱን በሰማሁ ቁጥር ከሞኙ ጎን የተቀመጠውን ወረቀት አስባለሁ። ወረቀት የያዘውን የሚለቅ ቢሆን ኖሮ የአያቶቻችን ውል፣ የሟች ኑዛዜ፣ የዕቁብና የዕድር መዝገብ የት ይገኝ ነበር? የያዙትን አለመልቀቅ ለወረቀት ክብር ከሆነ ለሰው ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የትርፍ ጊዜ ቻናል ነፍስ የሚዘራውም በዚሁ ጠባይ ነው፤ ጠባዩ ከሌለ ሌላው ሁሉ፣ ካሜራውም መብራቱም፣ ዕቃ ብቻ ነው።

ዩቲዩብ ራሱ የተጀመረው ብልጥ ሰው በማይቀርጸው ቪዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2005 ከመሥራቾቹ አንዱ ጃዌድ ካሪም ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳንዲያጎ መካነ እንስሳት ዝሆኖች ፊት ቆሞ የተቀረጸውን የ19 ሰከንድ ቪዲዮ ጫነ። የሚናገረው ቁም ነገር ዝሆኖቹ በጣም ረጅም ኩምቢ እንዳላቸው ነው። ከዚያ በላይ የሚለው እንደሌለው ተናግሮ ያበቃል። የመጀመሪያው ቪዲዮ ይኸው ነው። በማግስቱ ዓመት ጉግል ድርጅቱን በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ዛሬ ስለ ታምብኔል ቀለምና ስለ መጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች የሚሰጠው ሥልጠና ሁሉ የቆመው ዝሆን አይቶ ለሰው ሳያሳይ ማለፍ ባልፈለገ ወጣት መሠረት ላይ ነው።

ከሞኞቹ አንዱን በቅርብ አውቀዋለሁ፤ ጎረቤቴ ነው። ቀን ባንክ ቤት ሒሳብ ይሠራል። ማታ ራት ከተበላ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ያነጥፍና ካቻቢቴውን ያነሣል። ስልኩን ከመደርደሪያው ላይ ወደ ታች አስሮ ሁለት እጆቹንና የቴፑን ሆድ ብቻ ይቀርጻል። ፊቱ አይታይም፣ ስሙንም አይናገርም። መግቢያ ሙዚቃ የለውም። «ዛሬ ይዘን የቀረብነው ፓናሶኒክ ነው፤ ይዞራል፣ ግን ይንቀራፈፋል» ብሎ ይጀምራል።

ከሠራቸው ሁሉ የምወደው ስለ ጎማ የሠራውን ነው። ቴፕ ውስጥ ሞተሩን ከመንኮራኩሮቹ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን የጎማ ቀበቶ አለ። ያ ጎማ ሠላሳና አርባ ዓመት ሲሞላው ብዙ ጊዜ ይቀልጣል። ሬንጅ ይሆንና መንኮራኩሩ ላይ ይለጠፋል፤ የነካውን ጣት ያጠቁራል፣ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም። ጎረቤቴ ያንን ጥቁር ነገር ከመንኮራኩሩ ጎድጓዳ ውስጥ በአልኮል በነከረው ጥጥ ያወጣዋል፤ አንዱን ጥጥ ይጥላል፣ ሌላ ይጠቀልላል፣ እንደገና ያሻል። ማብራሪያው ሲያልቅ ዝም ይላል፣ መፈተጉ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ክር ያመጣል። አሮጌው ጎማ ስለቀለጠ ልኩን ከራሱ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ክሩን ጎማው ይሄድበት በነበረው መንገድ ያዞረዋል፣ ጫፍና ጫፉ የሚገናኙበት ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል፣ አውጥቶም ማስመሪያ ላይ ይዘረጋዋል። አዲሱ ጎማ ከዚያ ልክ ትንሽ ማጠር እንዳለበት፣ ከመጠን በላይ ካጠረ ሞተሩን እንደሚያስጨንቅ፣ ከረዘመ ደግሞ እየተንሸራተተ ዘፈኑን እንደሚጎትተው ያስረዳል። በዚህ መሐል ግማሽ ሰዓት ያልፋል።

ብልጥ ሰው ይህንን ሲያይ «ሦስት ደቂቃ አድርገው፤ ሾርት ይሁን» ይላል። እርግጥ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ሾርት የሚባለው የዩቲዩብ አጭር ቪዲዮ እስከ ሦስት ደቂቃ ስለሚፈቅድ ምክሩ መሬት ላይ የወደቀ አይደለም። ነገር ግን ይህንን ቪዲዮ ፈልጎ የሚከፍተው ማን ነው? ቴፑን ፈትቶ፣ ብሎኖቹን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ደርድሮ፣ ጣቶቹ ሬንጅ ሆነው የተቀመጠ ሰው ነው። ስልኩን ነክቶ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። የሚፈልገው አብሮት የሚሠራ ሰው ነው፤ እሱ ሲያጸዳ የሚያጸዳ፣ ሲለካ የሚለካ። ለዚህ ተመልካች ግማሹ ሰዓት ልክ ሥራው የሚፈጀውን ያህል ነው፤ ቢያጥር ይጎድልበታል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ለሚል፣ ካሴት ለእኛ ምን እንደነበረ ላስታውስ። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ይህ ትንሽ ሣጥን በአገራችን ሸክላውን ተክቶ ዘፈኑን፣ መዝሙሩን፣ መንዙማውን፣ ስብከቱንና ቀልዱን በየቤቱ አስገብቷል። ከዚህም አልፎ ደብዳቤ ነበር። መጻፍ የማይችሉ ወላጆች ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ ላለ ልጃቸው ድምፃቸውን ቀርጸው በመንገደኛ እጅ ይልኩ ነበር። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ማን እንደተዳረና ማን እንደሞተ ይነግሩታል፤ ልጁም የራሱን ድምፅ ቀርጾ ይመልሳል። እነዚያ ካሴቶች ዛሬም በየሻንጣው ሥር አሉ። ማጫወቻ ግን የለም፤ የተገኘውም ክር ይበላል።

በጎማው ቪዲዮ ሥር አንዲት ጂዳ የምትኖር ሴት ጻፈችለት። አባቷ የላኩላት አንድ ካሴት አላት፣ አባቷ አርፈዋል፣ አሮጌ ቴፕ ገዝታለች፣ ግን ማስገባቱን ፈርታለች። ጎረቤቴ ለዚህች አንዲት ተመልካች ከአንድ ገጽ የሚበልጥ መልስ ጻፈ። የአባቷን ካሴት ገና እንዳታስገባ፣ በመጀመሪያ ሄዱን፣ ማለትም ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ክፍል፣ እንዲሁም ክሩን ተጭኖ የሚያስኬደውን ትንሽ ላስቲክ በአልኮል እንድታጸዳ፣ ከዚያ የማያሳዝን ካሴት አስገብታ ሁለቱንም ወገን እስከ ዳር እንድታስኬድ፣ የአባቷ ካሴት ዓመታት ሙሉ ሳይነካ ስለቆየ ከማጫወቷ በፊት በእጇ፣ በእስክሪብቶ፣ ቀስ ብላ ክሩን አንድ ጊዜ ወዲያ አንድ ጊዜ ወዲህ እንድታጠነጥነው ነገራት። ክሩ ቢበጠስ በተራ ፕላስተር እንዳታጣብቀው፣ ሙጫው ሄዱ ላይ ቀልጦ ሌላውን ሁሉ እንደሚያበላሽ አስጠነቀቃት። ከቀናት በኋላ እዚያው ሥር መልሷን አየሁ፦ «ሰማሁት ወንድሜ። ስለ በሬው ነው የሚያወራው።»

ያ ቪዲዮ በዚያን ጊዜ መቶ ቪው አልሞላውም ነበር።

ባለቤቱ አንድ ማታ «ለማን ነው የምታወራው?» ብላ ጠየቀችው። ጥያቄዋ የብዙ ሰው ነው፤ ከንቀትም የመጣ አልነበረም፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ነገ ሥራ አለ። እኔ ግን በዚያው ቀን ጠዋት እሷ ቡና አፍልታ ጎረቤት ስትጠራ የመጣነው ሦስት ሰዎች ብቻ እንደነበርን አስታውሳለሁ። ዕጣኑም ጨሰ፣ ፈንዲሻውም ተበተነ፣ በረካው እስኪደርስም ማንም አልተነሣም። ሰው ስላነሰ አቦሉን ደፍታ ጀበናዋን አታጥብም ነበር። አርባ ሰው ደግሞ ከሦስት ይበልጣል።

እስቲ ብልጡ የሚመካበትን ስሌት እንየው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በረጅም ቪዲዮ የሚሠራ አንድ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ሲያመለክት 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ያስፈልገዋል። በ2023 ዝቅ ያለ መግቢያ ተጨምሯል፤ 500 ሰብስክራይበር፣ 3,000 ሰዓትና በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት ቪዲዮ። በዚህ በር የሚገባ ግን ከተመልካች ስጦታና አባልነት እንጂ ከማስታወቂያው አይካፈልም። አሁን የጎረቤቴን ቻናል በዚህ እንመዝነው። አርባ ሰው እያንዳንዱን ቪዲዮ ለ15 ደቂቃ ቢያይለት በአንድ ቪዲዮ 600 ደቂቃ፣ ማለትም አሥር ሰዓት ያገኛል። 4,000 ሰዓት ለመሙላት በዓመት 400 ቪዲዮ መሥራት አለበት። በቀን አንድ ቢሠራ እንኳ ዓመቱ ይጠበዋል። ይህንን ሒሳብ ሠርቶ ካቻቢቴውን የሚያስቀምጥ ሰው ትክክለኛ ሒሳብ ሠርቷል። የእኔ ጎረቤት የባንክ ቤት ሰው ስለሆነ ስሌቱን ከእኔ አሳምሮ ያውቀዋል፤ አውቆም ጥጡን ይጠቀልላል።

ብልጡ ለዚህ ስሌት አቋራጭ አበጅቶለታል። የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብቶ «ሰብ ፎር ሰብ» ይባባላል፤ አንተ የእኔን እኔ የአንተን። በአንድ ሳምንት ቁጥሩ ያድጋል። እነዚያ ሰዎች ግን ስለ ካሴት ምንም አይገዳቸውም። ቪዲዮው ሲወጣ ገጻቸው ላይ ይታያል፣ አይከፍቱትም፤ ከከፈቱትም በጥቂት ሰከንድ ይወጣሉ። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ቪዲዮን የሚመዝነው ስንት ጊዜ ተከፈተ በሚለው ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ታየ በሚለውም ስለሆነ፣ የተለዋወጡት ሰብስክራይበር ሁሉ «ይህ ቪዲዮ አይታይም» ብሎ እንደሚመሰክር ሰው ይሆናል። በዚያ ላይ ድርጅቱ ይህንን ልውውጥ በደንቡ ከልክሎታል፣ የሐሰት ተከታይንም እያጣራ ይሰርዛል። ሞኙ ይህንን ደንብ አንብቦ ይሁን ሳያነብ፣ ካሴት ለማይወድ ሰው ሰብስክራይብ በለኝ ማለት ያሳፍረዋል። ያ እፍረት ቻናሉን ከማንኛውም ምክር በላይ ጠብቆታል።

ታምብኔሉን አይቶ ማለፍም ክፉ ምልክት አይደለም። ዩቲዩብ ራሱ እንደሚያስረዳው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሹ መቶ ጊዜ ታይቶ የሚከፈተው ከ2 እስከ 10 ጊዜ ነው። ይህንን የሚያውቅ ሰው ዘጠና ሰዎች ስላለፉት አያዝንም። ያልፋሉ፤ ቴፕ የላቸውማ።

ይህን ስል ሞኝ ሰው ተመልካች አይፈልግም ማለቴ አይደለም። ጎረቤቴ ይፈልጋል፤ ከልቡ ይፈልጋል። የሚፈልገው ግን ቴፕ የተበላሸበትን ሰው ነው። ለዚህም ብዙ ይደክማል። መጀመሪያ ላይ «የቴፕ ጥገና ክፍል 3» ብሎ ይሰይም ነበር። ቴፑ የተበላሸበት ሰው ግን «ክፍል 3» ብሎ አይፈልግም፤ «ቴፔ ካሴት ይበላል»፣ «አንዱ ስፒከር አይሰማም»፣ «ዘፈኑ ይጎተታል» ብሎ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ አሁን ርዕሱን በባለ ቴፑ አፍ ይጽፈዋል፤ የቴፑን ስምና ሞዴል ቁጥርም ያስከትላል። የአማርኛ ተመልካች ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «ድምጽ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ድምፅ»፤ ብዙው ደግሞ በላቲን ፊደል እንደመጣለት ይጽፈዋል። ጎረቤቴ ከቪዲዮው ሥር ባለው ማብራሪያ ሁሉንም አጻጻፍ ይደረድራል፤ «በየትኛውም በር ቢመጣ ይግባ» ይላል። ይህንን ሥራ ብልጥ ሰው አይሠራውም፣ ጊዜ ይፈጃል።

ስለ ድምፅም እንዲሁ ነው። ምክር የሚሰጡት ሁሉ ካሜራ ግዛ ይሉታል። እሱ ግን አገር ቤት ያለው ተመልካች ጥቅል ገዝቶ፣ ዳታ እንዳያልቅበት የምስሉን ጥራት ወደ 144 ዝቅ አድርጎ እንደሚያይ ያውቃል። በዚያ ጥራት ውዱም ካሜራ ርካሹም አንድ ናቸው። ሰው ምስሉ ቢደበዝዝ ይታገሣል፤ ድምፁ ካልተሰማው ይወጣል። ስለዚህ ማብራሪያውን ለብቻው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ውሾቹ ሲተኙ ይቀርጸዋል። እጁ የሚያደርገውን ሁሉ በቃል ይናገራል፤ «አሁን በስተግራ ያለውን አጭሩን ብሎን ነው የማወጣው፣ ረጅሙን አትንኩት» ይላል። አንድ ተመልካች ምስሉን ሳያይ እየሰማ ብቻ እንደጠገነ ጽፎለታል።

በጣም የሚማርከኝ ግን የመፈተኛው ጉዳይ ነው። ቴፕ ከተጠገነ በኋላ ካሴት አስገብቶ ማሰማት ግድ ነው። ዘፈን ካሰማ ግን ኮንቴንት አይዲ የሚባለው፣ ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚጠቀምበት የባለመብት መቆጣጠሪያ፣ የተመዘገበ ዘፈን ከሆነ ያውቀዋል፤ ገቢውም ሆነ የቪዲዮው ዕድል በባለመብቱ እጅ ይወድቃል። ብልጡ ዘፈኑን ያፈጥነዋል፣ ያቀጥነዋል፣ መቆጣጠሪያውን ለማታለል ይሞክራል። ጎረቤቴ የዘፋኙ መብት መከበሩ ትክክል ነው ብሎ ያምናል። ሰፈር ውስጥ ዋሽንት የሚነፋ ልጅ አለ፤ አባቱን አስፈቅዶ አስመጣውና ባዶ ካሴት ላይ ቀረጸው። ዜማም አላስነፋውም፤ አንድ ድምፅ እስከ ትንፋሹ ዳርቻ እንዲይዝ ብቻ ነው የጠየቀው። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። ፍጥነቱ ጥቂት ከፍ ዝቅ ቢል ከበሮና ጭብጨባ ውስጥ አይታወቅም፤ ረጅም የዋሽንት ድምፅ ውስጥ ግን ወዲያው ይንቀጠቀጣል። አሁን የጠገነውን ሁሉ በዚያ ካሴት ይፈትናል። ተመልካቾቹ ለይተውታል፤ ዋሽንቱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ከሥሩ «ዳነ!» ብለው ይጽፋሉ።

ኮመንቱን ሁሉ ይመልሳል። አርባ ተመልካች ያለው ሰው የሚመልሰው አምስት ስድስት ነው፤ መቶ ሺህ ያለው ይህንን ማድረግ አይችልም፣ ስለዚህ ይህ የትንሽ ቻናል ሀብት ነው። አንዲት እናት «ልጄ ተባረክ፣ የሟች ባሌን ቴፕ አሠራህልኝ» ሲሉ «አሜን እማማ፤ ከዚህ በኋላ ባትሪውን አውጥተው ያስቀምጡት፣ እንዳያፈስበት» ብሎ ይመልሳል። አንድ ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ አዛውንት የሄዱን ዘንበል የምታስተካክለውን ትንሽ ብሎን እንዴት መንካት እንዳለበት ጠበቅ አድርገው አረሙት፤ መጀመሪያ በነበረችበት ቦታ በቀለም ምልክት ሳያደርግ አይነካትም አሉት። እርማቱን ከሁሉም ኮመንት በላይ ፒን አደረገው፣ በሚቀጥለውም ቪዲዮ ላይ «ጋሼ እንዳስተማሩን» ብሎ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጎ ጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ቪዲዮ አያመልጣቸውም። ወዳጆቻቸውንም ይዘው መጥተዋል። ተመልካች ሲያድግ በዓይኔ ያየሁት በዚህ መንገድ ነው፤ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱ አንድ ነገር ይዞ።

በዓለም ላይም እንዲህ ያሉ ሞኞች ነበሩ፣ አሉም። እ.ኤ.አ. በ2006 ፒተር ኦክሊ የሚባሉ በ1927 የተወለዱ እንግሊዛዊ ጡረተኛ ካሜራ ፊት ተቀምጠው ስለ ኑሯቸው ማውራት ጀመሩ። ሜዳው የወጣቶች ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ ልጅነታቸው፣ በእርጋታ፣ እንደ አያት ተረኩ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ በዩቲዩብ ከሁሉም የበለጠ ሰብስክራይበር ያላቸው ሰው እስከ መሆን ደረሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያርፉም ብዙ ቪዲዮ ትተዋል። በአውስትራሊያ ሰሜን ኩዊንስላንድ ደግሞ ጆን ፕላንት እ.ኤ.አ. በ2015 «ፕሪሚቲቭ ቴክኖሎጂ» የሚባለውን ቻናል ጀመረ። ጫካ ገብቶ በባዶ እጁ ጭቃ ያቦካል፣ ጡብ ይተኩሳል፣ ጎጆ ይሠራል። አንድ ቃል አይናገርም። ሰላም አይልም፣ ደወሏን ተጫኑ አይልም፤ ማብራሪያ የፈለገ የጽሑፍ መግለጫውን ከፍቶ ያነባል። ሚሊዮኖች ተከተሉት። ከዚያ ብልጦቹ መጡና እሱን አስመስለው ጫካ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ በእጅ ቆፈርን የሚሉ ቻናሎች ከፈቱ፤ አንዳንዶቹ ከካሜራው ጀርባ በኤክስካቫተር ሲያስቆፍሩ ተደርሶባቸዋል። እሱ አሁንም ጭቃውን ያቦካል።

እነዚህን ሁለቱን ስጠቅስ ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። የተሳካላቸውን ብቻ ማወደስ ሞኝነትን ማወደስ አይሆንም፤ ውጤቱን አይቶ ማጨብጨብ ማንም ይችላል። ምስጋናዬ ጭቃ እያቦካ ሚሊዮን ላላገኘውም ነው። ቁጥሩ ሁልጊዜ አርባ ላይ ለሚቆም፣ እንዲያውም ሠላሳ አምስት ለሚሆንበት። ስለ አሮጌ ቴምብር፣ ስለ ንብ ቀፎ፣ በጓሮ ስለሚታዩ ወፎች፣ ስለ ገበጣ አጨዋወት ለሚቀርጽ ሰው ነው። የእሱ ቪዲዮ ባይኖር የጂዳዋ ሴት የአባቷን ካሴት በፍርሃት ስታየው ትኖር ነበር፤ ወይም ደፍራ አስገብታ ታስበላው ነበር። አንድ ጥሩ የአማርኛ ማብራሪያ ባለበትና በሌለበት መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው። በእንግሊዝኛ ስለ ቴፕ ጥገና ብዙ አለ። በአማርኛ «የማያሳዝን ካሴት አስገቢ» ብሎ የሚመክር ሰው ግን ከዚያ ጠረጴዛ ውጭ እስካሁን አላገኘሁም።

ጉዳዩ ጊዜ የማይሰጥ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያስቸኩለኛል። የካሴት ክር እያረጀ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ድምፁን የያዘው ሽፋን ይላላል፣ ይረግፋል። ቴፕ የሚያውቁት ባለሙያዎችም እያረጁ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ከነዋሪው ጋር ብዙ ትንንሽ ሱቆች ተነሥተዋል፤ መርካቶም እየተለወጠ ነው። አንድ ሱቅ ሲዘጋ መሣሪያው ይሸጣል፣ ጠረጴዛው ይሸጣል፤ የየትኛው ሞዴል ጎማ በየትኛው እንደሚተካ፣ የተሰበረ ጥርስ እንዴት እንደሚቀጠል ግን በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። ጎረቤቴ ያን የሄዱን ብሎን ያረሙትን አዛውንት ሄዶ ሊቀርጻቸው ቀጠሮ ይዟል። እሳቸውም እሺ ብለዋል፤ ከልጃቸው ቤት አሮጌ የመሣሪያ ሣጥናቸውን አስመጥተዋል።

እንዲህ ያለ ሰው የምታውቁ፣ ቻናል ባይኖራችሁም ሂዱ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ብርሃኑ ከመስኮት በኩል ይምጣ፣ ሬዲዮው ይዘጋ፣ ስልኩ ከእጃቸው በላይ ይታሰር። የመጀመሪያውን ብሎን ከመፍታታቸው በፊት መቅረጽ ጀምሩ፤ እንዲያፈጥኑ አትጠይቋቸው፣ ሲሳሳቱ ተመልሰው የሚያስተካክሉትንም አትቁረጡት፤ ለሚማር ሰው የሚጠቅመው እሱ ነው። ስትጭኑት ደግሞ «ድምጽ» እና «ድምፅ» ሁለቱንም ጻፉ።